ማድያት በሽታ ነው፤ እርጅናስ?



ባለፈው ከጁሙዓ በኋላ እህቶች ተሰብስበን ስንጫወት የአንዷ እናት ነገር ተነሳ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩ እናት ናቸው፤ ጉንጫቸው በማድያት ጠቁሯል። ልጅቷ «በሌዘር ይለቃል አሉኝ፣ ላሳክማት ይሆን?» አለች። ገና ሳትጨርስ አንዷ «የአላህን ፍጥረት መለወጥ ነው፣ ሐራም ነው» ብላ ዘጋቻት። ልጅቷ ዝም አለች። ዝምታዋ እስካሁን ይከነክነኛል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለውበት ሲሉ የሚነቀሱትን፣ ቅንድባቸውን የሚያስነቅሉትን፣ ፍንጭት እንዲኖራቸው ጥርሳቸውን የሚያስሞርዱትን መርገማቸው እውነት ነው። ነገር ግን ሶሐባው ዐርፈጃ (ረ.ዐ) በኩላብ ጦርነት አፍንጫው ተቆርጦ በብር ቢያሠራው ሸተተበት፤ እሳቸውም በወርቅ እንዲያሠራው አዘዙት። ወርቅ ለወንድ ሐራም ሆኖ ሳለ! ዑለማዎች ጉዳት ማከምን ለውበት ብሎ ፍጥረትን ከመለወጥ የሚለዩት በእንዲህ ያለው መረጃ ነው። ፀሐይ ያበላሸውን ቆዳ ማሳከም በእኔ እይታ ከመጀመሪያው ወገን ነው።

«10 ዓመት ልጅ ያደርጋል» በሚለው ማስታወቂያ ግን አልስማማም። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው የነገሩን ነቢይ አንድ ነገር ለይተዋል፤ እርጅናን። በዓይን ዳር የወጣ መስመር ቁስል አይደለም።

ደግሞም ሌዘር የሚሠራው ብርሃኑ በቆዳ ውስጥ ሲመጠጥ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ነው። ብርሃኑን ከሚመጡት አንዱ ሜላኒን ነው። ነጭ ቆዳ ላይ በብዛት የሚመጠው ጥቁሩ ነጥብ ነው፤ የእኛ ቆዳ ግን ጤናማውም ሜላኒን ስላለው አብሮ ሊቃጠልና ከበፊቱ ብሶ ሊጠቁር ይችላል። ማድያትን ሙቀት ራሱ ይቀሰቅሰዋል፤ ቢለቅም ተመልሶ ይመጣል። ለዚህም ነው ሐኪሞች የፀሐይ መከላከያና የሚቀባ መድኃኒት የሚያስቀድሙት። የላይኛውን ቆዳ የሚገፈው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ ፊትን ለቀናት ቁስል ያደርጋል። (ውዱእስ ለምትሉ፦ ሐኪሙ ውሃ አይንካው ካለ ተየሙም አለ፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።)

የሚያስቀው፣ ሌዘርን ሐራም ከምንለው ስንቶቻችን ነን ዶርም ውስጥ ፊት የሚያነጣ ክሬም የደበቅነው? ብዙው ስቴሮይድ አለበት፤ ቆዳን ያሳሳል። ፍጥረትን መለወጥ ካልን ከዚያ እንጀምር።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሒጃብ ፀጉርና አንገትን ይጋርዳል እንጂ ጉንጭን አይጋርድም።

እህቴ፣ እናትሽን ቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ለገበያው ሰፋ ያለ ጥላ ግዢላቸው። ሐኪሙ ሌዘር ካለ ደግሞ እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሠራ ሳታፍሪ ጠይቂው። ወላሁ አዕለም።