የኩባንያ ፖድካስት ለምን በአጭሩ ይቀጫል?

የኩባንያ ፖድካስት አጀማመሩ ሁልጊዜ ያምራል። ስቱዲዮ ይዘጋጃል፣ ውድ ማይክሮፎን ይገዛል፣ ከጀርባ የድርጅቱ አርማ በመብራት ይደምቃል። የመጀመሪያው እንግዳ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ናቸው። ሁለተኛው ምክትላቸው። ሦስተኛው የሰው ኃይል ኃላፊው። አራተኛው ክፍል ላይ የምሥረታ በዓል ይዘከራል። አምስተኛው ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ስድስተኛው አይመጣም።

ማንም "ተቋርጧል" ብሎ አላወጀም። ሐሳቡን ያመጣው ኃላፊ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፣ በጀቱ ለሌላ ዘመቻ ውሏል፣ ስቱዲዮው የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው። አንዳንዴም "ሕዝቡ ረጅም ነገር አይሰማም" ይባላል። ሁለቱም አያሳምኑም። ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ወጥ እየሠራ፣ ሱቁን እየጠበቀ የሁለት ሰዓት ጭውውት ይሰማል። የማይሰማው ራሱን ሲያመሰግን የሚውል ሰው ነው። ዋናው ችግር ፕሮግራሙ የተሠራው ለአድማጭ ሳይሆን ለአለቃ መሆኑ ነው። ለአለቃ የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ዕድሜው አለቃው እስኪሰለቻቸው ወይም ከወንበሩ እስኪነሡ ድረስ ብቻ ነው።

ነጋዴ በድምፅ ፕሮግራም ስሙን መገንባት የጀመረው በፖድካስት ዘመን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ "ጋይዲንግ ላይት" የተባለው ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1937 በሬዲዮ ተጀመረ፣ በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፣ የቆመው በ2009 ነው። 72 ዓመት! አብዛኛውን ዕድሜውን ከጀርባው የነበረው ሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። እንዲህ ያሉ ድራማዎች "ሶፕ ኦፔራ" የተባሉትም ወጪያቸውን ይሸፍኑ በነበሩት የሳሙና ኩባንያዎች ምክንያት ነው። ልብ የሚባለው ነገር ግን የታሪኩ ማዕከል ሳሙና አለመሆኑ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ይጋባሉ፣ ይፋታሉ፣ ይታመማሉ፣ ይታረቃሉ። የሳሙናው ወሬ ቦታው ማስታወቂያው ላይ ነበር። አድማጭ ለታሪኩ ሲመጣ ሳሙናውንም አብሮ አወቀው።

በፖድካስት ዘመን ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 "ዘ ሜሴጅ" የተሰኘ ባለ 8 ክፍል የሳይንስ ልብ ወለድ አቀረበ። ስለ ኩባንያው ተርባይን አላወራም፤ ከሕዋ ስለመጣ ምስጢራዊ ድምፅ ነበር የሚተርከው። የአፕል ፖድካስት ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። በዓመቱ ሌላ ልብ ወለድ ተከተለው። ሥራው ግሩም ነበር፤ ይሁንና የዘመቻ ባሕርይ ነበረው። ታሪኩ ሲያልቅ አድማጩም ይበተናል።

ሸቀጣ ሸቀጥ ቸርቻሪው ትሬደር ጆስ ደግሞ በ2018 የጀመረው 5 ክፍል ብቻ አቀርባለሁ ብሎ ነው። ሰዎች ወደዱት፣ ቀጠለ፣ ዓመታትንም ተሻገረ። አቅራቢዎቹ ዝነኞች አልነበሩም፤ የኩባንያው የራሱ የማርኬቲንግ ሠራተኞች ናቸው። የሚያወሩት ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ስለሚጠይቀው ነገር ነው፤ ዕቃው ከየት ይመጣል? የምወደው ምርት ለምን ከመደርደሪያ ጠፋ? የደንበኛ ጥያቄ አያልቅም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙም ወሬ አያልቅበትም። የዘላቂነት ምስጢር እዚህ ላይ ነው። የአለቃ ንግግር በአራት ክፍል ያልቃል። የደንበኛ ጥያቄ ግን በየጠዋቱ አዲስ ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ ኩባንያዎች የቅንጦት ወሬ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የባንክ ደንበኛ በአንድ ሌሊት ብዙ ጥያቄ ይዞ ተነሣ። ያጠራቀምኩት ብር ምን ይሆናል? ኤልሲ ለመክፈት ወረፋ የያዘው አስመጪ በየትኛው ተመን ይስተናገዳል? ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእናቱ የሚልክ ሰው ምን ይጠቅመዋል? በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም የ10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ መሸጥ ሲጀምር አክሲዮን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመረ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። ተፎካካሪ እየመጣ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንበኛውን በሚገባው ቋንቋ የሚያነጋግር ባንክ እምነት ያተርፋል። ማኅተም ባለበት መግለጫ ብቻ የሚናገር ባንክ ግን መልሱን ለቲክቶክ ተንታኝ አሳልፎ ይሰጣል።

"ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ለምን ስለ ራሴ አላወራም?" የሚል ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ራስ ለማውራት ግን ማስታወቂያ አለ፤ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። የአንድን ሰው 40 ደቂቃ መውሰድ ሌላ ነገር ነው። ለዚያ ጊዜ ድርጅቱ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል።

አድማጩ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው አስተዳደር ነው። ብዙ ፕሮግራም የሚሞተውም እዚሁ ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይደለምና፣ ፖድካስቱ በሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈለት አንድ ባለቤት እና አንድ ተተኪ ያስፈልገዋል። የዩቲዩብና የቴሌግራም ቻናሉ የይለፍ ቃል በድርጅቱ እጅ መሆን አለበት። ሠራተኛው ሲለቅ ቻናሉም አብሮት የሚሄድ ከሆነ የሦስት ዓመት ድካም በአንድ የመልቀቂያ ደብዳቤ ይጠፋል።

በየሳምንቱ ለዘላለም ብሎ ቃል ከመግባት 10 ክፍል ያለው አንድ ምዕራፍ ማቀድ ይሻላል። ከመጀመሪያው ሥርጭት በፊት አራቱ ተቀርጸው ቢቀመጡ፣ እንግዳ ሲቀር ወይም መብራት ሲጠፋ ፕሮግራሙ አይደነቃቀፍም። ምዕራፉ ሲያልቅም "አልቋል፣ በዚህ ወር እንመለሳለን" ማለት ክብር ነው። አድማጭን የሚያስቀይመው ዕረፍት ሳይሆን ዝምታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የማረም ሥልጣን ነው። አመራሩ የተሳሳተ ቁጥርና የደንበኛ ምስጢር ቢያስወጣ ትክክል ነው። የሚያሳፍር ጥያቄ ሁሉ ከተቆረጠ ግን የሚቀረው መግለጫ ነው። ይህ ድንበር ገና ሳይጀመር በወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

መለኪያውም ይስተካከል። የተመልካች ቁጥር በማስታወቂያ ይገዛል። የማይገዛው እስከ መጨረሻው የሰማው፣ ለቀጣዩ ክፍል ተመልሶ የመጣው እና ጥያቄ የላከው ሰው ነው። እነዚህ ቁጥሮች መጀመሪያ ላይ ትንሽ ናቸው፤ ለዚህም ነው በሩብ ዓመት ሪፖርት የሚመዘን ፖድካስት ሳያድግ የሚቀጨው። ቢያንስ የሁለት ዓመት በጀትና ትዕግሥት ያልመደበ ድርጅት ባይጀምር ይሻለዋል።

ቀጣዩን ፖድካስት የሚከፍት ኩባንያ አንድ ነገር ቢሞክር አይከስርም። የመጀመሪያው እንግዳ ቅሬታ ያለው ደንበኛ ይሁን። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሰባተኛው ክፍል ይምጡ፤ ሲመጡም በስድስቱ ክፍሎች የተጠየቀውን ሊመልሱ ይምጡ። ያኔ ስድስተኛው ክፍል መቼም አይቀርም፤ ሰባተኛውን የሚጠብቅ ሰው አለና።