ያልተኖረ እርጅና

ሰዓት የባለጠጋ ጨዋታ ነው ብሎ ይህን ገጽ ለመዝለል የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር ትንሽ ይታገሠን። የምንናገረው የቤት ዋጋ ስለሚያወጣው የስዊስ ወርቅ አይደለም። የምንናገረው በሞላ ስለሚሠራው፣ ባትሪ ስለማያውቀው፣ ከብዙ ቁጠባ በኋላም ቢሆን ከተማሪ ኪስ ፈጽሞ ስለማይርቀው፣ ነገር ግን ትናንት ከፋብሪካ ወጥቶ የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ስለሚመስለው የእጅ ሰዓት ነው። የጃፓኑ ኦሪየንት ባምቢኖ አለ፤ የአሜሪካው ታይሜክስ ማርሊን አለ፤ የቻይናው ሲገል 1963 አለ። ጉልላት መሳይ መስታወት፣ ቀጭን ጠቋሚ፣ የወተት ቀለም ያለው ገጽ። «የጥንቱ መንፈስ ያደረበት» እየተባለ ይሸጣል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች አሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለን።

አንደኛው ወገን «ስልክ በኪሳችን እያለ ይሄ ምን ያደርግልናል? ኋላ ቀርነት ነው!» ይላል። እውነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1969 ሴይኮ «አስትሮን» የተባለውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የሞላ ሰዓት በትክክለኛነት ተሸንፏል። ዛሬ በተለመደው ባለባትሪ ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ቅንጣት በአንድ ሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ርካሹ የሞላ ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ስድስት ጊዜ ብቻ ይመታል። በቀን ጥቂት ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስታል። ይህን አንክድም። ለመሆኑ ግን ሃያ ሰከንድ ዘገያችሁ ብሎ በር የሚዘጋብን መምህር ማን ነው?

ስልኩ ሰዓት ተጠይቆ ሌላ አሥር ነገር ይነግረናል። ሰዓት ልናይ አውጥተነው ግማሽ ሰዓት በልቶን ወደ ኪስ ይመለሳል። የሞላ ሰዓት የተጠየቀውን መልሶ ዝም ይላል። ሌላም አለ። ጀርባው ቢከፈት አሠራሩ በዓይን ይታያል። የተጠቀለለው ሞላ ሲፈታ ጥርሶቹን ይገፋል፤ ጥርሶቹ በአንድ ትንፋሽ ሮጠው እንዳይጨርሱት መልህቅ የምትመስል ትንሽ ብረት ታቆማለች፣ ትለቃለች፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዘው መንኰራኩር ልኩን ትሰጣታለች። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ሰው የሠራውን ሰው አይቶ የሚረዳው፣ ተረድቶም የሚጠግነው ዕቃ በእጃችን ላይ ስንት ቀርቶናል?

ሁለተኛው ወገን ወዳጅ መሳይ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ያስፈራናል። «ውበቱ በእርጅናው ነው» ይላል። እስቲ ይህ እርጅና እንዴት እንደሚመረት እንመልከት። በጨለማ እንዲያበሩ ቁጥሮቹ ላይ የሚደረገውን ቀለም አንዳንዱ ፋብሪካ ሆን ብሎ ወተት የነካው ቡና ያስመስለዋል። ለምን? ድሮ በራዲየም የተቀቡ ገጾች ከዘመን ብዛት ወደዚያ ቀለም ስለተለወጡ ነዋ! እንግዲያው ራዲየሙን ማን ይቀባው እንደነበረም እናስታውስ። በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ፣ በኮኔቲከትና በኢሊኖይ፣ የእኛን ዕድሜ ያህል ያላቸው፣ ከእኛም የሚያንሱ ሴት ሠራተኞች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ቀቡት። አደጋ የለውም ተብሎ ተነግሯቸው ነበር። መንጋጋቸው እየበሰበሰ፣ አጥንታቸው እየተሰበረ ብዙዎቹ አለቁ። ከኒው ጀርዚዎቹ አምስቱ እ.ኤ.አ. በ1927 ከሰሱ፤ በ1928 በስምምነት ካሳ ተቀበሉ። ዛሬ የሚቀባው ቀለም ራዲየም የለበትም፤ እሰየው። ግን የእነዚያን ሴቶች ታሪክ ጥሎ ቀለማቸውን ብቻ መውሰድ ምን ይባላል? ቁስል የሌለበት ጠባሳ!

ደግሞስ ያ የምንናፍቀው ዘመን ራሱ ናፋቂ ነበር እንዴ? ኧረ አልነበረም። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሴይኮ 5»ን ሲያወጣ በራሱ የሚሞላ፣ ዕለትና ቀን በአንድ መስኮት የሚያሳይ፣ ውሃ የሚቋቋም የዘመኑን ሰዓት ማቅረቡ ነበር። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባንጋሎር ላይ ከጃፓኑ ሲቲዝን ጋር ተባብራ የኤች.ኤም.ቲ.ን የሰዓት ፋብሪካ ስትከፍት፣ ሕዝቧ በገዛ አገሩ የተሠራ ሰዓት እንዲያስር ብላ ነው። አንዱን ሞዴል «ጃናታ» አለችው፤ ሕዝብ ማለት ነው። የቻይናው የቲያንጂን ፋብሪካም ቬነስ የተባለውን የስዊስ ፋብሪካ ማሽኖች ገዝቶ፣ በ1960ዎቹ ለአየር ኃይሉ አብራሪዎች ሰዓት ሠራ። ሁሉም ዓይናቸው ወደፊት ነበር። የህንድ መንግሥት በ2016 ኤች.ኤም.ቲ. ሰዓት እንዲዘጋ ወሰነ፤ የቻይናው የአብራሪ ሰዓት ደግሞ ዛሬ ትዝታ ሆኖ በገበያ ይዞራል። ከእነርሱ የተወረሰው ፊታቸው ብቻ ነው፤ ዓላማቸው አልተወረሰም።

በዚያ ዘመን ሰዓትን ሰዓት ያሰኘው ጥገናው ነበር። ከጠባብ የመስታወት ሣጥን ጀርባ ተቀምጦ፣ በአንድ ዓይኑ ማጉያ ሰክቶ የሚሠራው ሰዓት ሠሪ ባይኖር፣ የአባት ሰዓት ለልጅ ባልደረሰ ነበር። ዛሬ በርካሹ ሰዓት ውስጥ ያለው ሞተር ከጥገናው የእጅ ዋጋ ሊያንስ ስለሚችል፣ ሲበላሽ በሙሉው አውጥቶ ሌላ መተካት ይቀላል። እንግዲህ መልኩ የ1960ዎቹ፣ ጠባዩ ግን የሚጣል ዕቃ ሆነ ማለት ነው። የሸማግሌ ካባ የለበሰ ሕፃን!

ይህንንም እንጠይቅ፤ የምንገዛው የማንን ትዝታ ነው? እኛ ቀናችንን ከንጋት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ጠቋሚው 7 ላይ ሲያርፍ አንድ ሰዓት እንላለን፤ ቁጥሩን በተቃራኒው ማንበብ ከልጅነት ለምደነዋል። የቀን መስኮቱ እስከ 31 ይቆጥራል፤ ወራችን 30 ነው፤ ጳጉሜ ስትመጣማ ጭራሽ መላው ይጠፋበታል። ስለዚህ ነጋዴው «የድሮው መልካም ዘመናችን» እያለ ሲመጣ ቢያንስ ፈገግ እንበል። ይህ ማለት አናስርም ማለት አይደለም። የሰው ልጅ ብልሃት የሁሉም ነው። የእኛ ያልሆነውን ናፍቆት ግን ተበድረን መናፈቅ የለብንም።

አቋማችን እነሆ። የሞላ ሰዓት ይታሰር። ስንመርጥ ጀርባው የሚፈታውን፣ መለዋወጫውም የሚገኘውን እንምረጥ። ሲቆም ሰዓት ሠሪ ዘንድ ይወሰድ፤ እግረ መንገዳችንንም ቆመን ሥራውን እንይ፣ የሚያስተምር ካገኘን እንማር። ለተቀባ እርጅና ግን አምስት ሳንቲም አንጨምር። ሰዓቱ እንደሆነ ማርጀቱ አይቀርም። መስታወቱን የሚጭረው የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ፣ ማሰሪያውን የሚያወይበው የእኛው ላብ ይሁን። ያኔ እርጅናው የኖርንበት ይሆናል።

የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።