የዘንድሮው ጉዟችን ወደ ኢኑቦሳኪ ቢሆንስ?



የትምህርት ቤታችን ጉዞ በደረሰ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። ልጆች «ዲዝኒላንድ!» ይላሉ፣ ወላጆች ወጪውን ያሰላሉ። እኔ ግን ዘንድሮ ወደ ኢኑቦሳኪ እንሂድ ባይ ነኝ።

ኢኑቦሳኪ በቺባ፣ ቾሺ ከተማ፣ ምድሩ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ገባ ያለበት ጫፍ ነው። እዚያ ነጭ የመብራት ማማ አለ። ሥራው በሌሊት ለመርከቦች «የብስ ቀርቧል፣ ተጠንቀቁ» ብሎ ምልክት መስጠት ነው። መጀመሪያ የበራው በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም ማታ ማታ ይበራል።

ልጆች፣ ስለ ጡቡ ስሙኝማ! ማማውን የነደፈው ሪቻርድ ብራንተን የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ብራንተን የጃፓን ጡብ ጥራት አላሳመነውም ነበር ይባላል። ናካዛዋ ታካማሳ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ግን እዚያው ቺባ ውስጥ ጥሩ ሸክላ አፈር ፈልጎ አገኘና 193 ሺህ ያህል ጡብ አሠራ። ያ የአገር ጡብ የ1923ቱንም የ2011ዱንም ታላላቅ የመሬት መንቀጥቀጦች አልፎ ይኸው ቆሟል። «የራስ ነገር አይረባም» ለሚል ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል?

ለአማርኛችንም ይጠቅመናል። ወደ ላይ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ደረጃ 99 ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን በአማርኛ እስከ ሃያ ይቆጥሩና ከዚያ ወደ ጃፓንኛ ይገባሉ። እዚያ ግን ከ«አንድ» እስከ «ዘጠና ዘጠኝ» ጮክ ብለን እየቆጠርን እንወጣለን፤ የተሳሳተ ካለ አብረን እናርማለን። ማማው ፊት ለፊት ደግሞ ነጭ የፖስታ ሣጥን አለ። እያንዳንዱ ልጅ ያየውን በአማርኛ ጽፎ አገር ቤት ላሉት አያቶቹ ይላክ። ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ ከመዝጋት ይሄ አይሻልም ትላላችሁ?

«ሩቅ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ከቶኪዮ እስከ ቾሺ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በትንሿ የቾሺ ባቡር ሃያ ደቂቃ ገደማ ይቀራል። መግቢያው ግን ለአዋቂ 300 የን ብቻ ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አይከፍሉም። ምሳችንን ቋጥረን ከሄድን ወጪው የባቡር ብቻ ነው። ዲዝኒላንድን እንደሆነ ልጆቹ ከክፍል ጓደኞቻቸውም ጋር ያዩታል፤ በአማርኛ እየቆጠሩ ማማ መውጣት ግን ከእኛ ጋር ካልሆነ ከማን ጋር ይሆናል?

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ እንነጋገርበት። እናንተም ልጆች፣ ከወዲሁ ቁጥር ተለማመዱ!

ቸር ይግጠመን።