ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ የሚሰጥ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ፦ ምንነቱና የወላጆች መብት

በእስራኤል ከወጣቶች ፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ወላጅ አስቀድሞ የሚያስበው «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ነው። ስጋቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ ሕጉ ለፍርድ ቤቱ የሰጠው ሥልጣን ልጅን ከቤት በማውጣት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ልጁ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ ጥበቃ የሚያገኝባቸውን መንገዶችም ይደነግጋል።

ሕጉ ምን ይላል?

ጉዳዩ የሚመራው በ1960 በወጣው የወጣቶች (እንክብካቤና ክትትል) ሕግ ነው። ወላጅ ልጁን መንከባከብ ወይም መቆጣጠር ሲያቅተው ወይም ችላ ሲለው፣ ልጁ ለመጥፎ ተጽዕኖ ሲጋለጥ፣ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ደኅንነቱ ሲጎዳ ወይም ሊጎዳ ሲችል ፍርድ ቤቱ ልጁን «ጥበቃ የሚሻ» (በዕብራይስጥ «ካቲን ኒዝካክ») ብሎ ሊወስን ይችላል። ይህ ውሳኔ በወላጅ ላይ የሚሰጥ የወንጀል ፍርድ አይደለም። ድህነትም ከምክንያቶቹ መካከል በስሙ አልተጠቀሰም።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ፍርድ ቤቱ ለልጁ ወይም ለወላጁ መመሪያ ሊሰጥ፣ ልጁን የሚከታተል «ወዳጅ» ሊሾም፣ ወይም ልጁ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ክትትል ሥር እንዲሆን ሊያዝ ይችላል። በእነዚህ እርምጃዎች ልጁ በቤቱ ሊቆይ ይችላል። ልጁን ከወላጁ ጥበቃ ማውጣት የሚቻለው ግን እንክብካቤውንና ክትትሉን ለማረጋገጥ ሌላ መንገድ እንደሌለ ፍርድ ቤቱ ሲያምን ነው። ስለዚህ ወላጅ በችሎት ሊያነሣው የሚገባው ዋና ጥያቄ «በቤት ውስጥ ምን ዓይነት እርዳታ ተሞከረ?» የሚለው ነው።

አስቸኳይ አደጋ ሲኖር ሠራተኛው ያለ ወላጅ ፈቃድና ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ሥልጣን ግን ከአንድ ሳምንት አያልፍም። ከዚያ በላይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ ምን ይለወጣል?

የክትትል ትእዛዝ ብቻውን የወላጅነትን ሥልጣን አይሽርም። በ1962 በወጣው የሕግ ችሎታና የሞግዚትነት ሕግ መሠረት ወላጆች የልጃቸው የተፈጥሮ ሞግዚቶች ናቸው። ይሁንና ትእዛዙ ምክር ብቻ አይደለም። ወላጅ መመሪያውን ካልፈጸመ ሠራተኛው ወደ ፍርድ ቤት ተመልሶ ጠንከር ያለ እርምጃ ሊጠይቅ ይችላል።

ግዴታው ግን በወላጅ ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ መሆን የለበትም። ለልጁ ሞዓዶኒት፣ ለወላጆች የምክር አገልግሎት ተብሎ በእቅዱ ከተጻፈ በኋላ አገልግሎቱ ሳይቀርብ ቢቀር፣ ልጁም ወላጁም ትእዛዙ የታሰበለትን ጥቅም አያገኙም። ይህን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ተገቢ ነው። ሁኔታው ከተለወጠም ወላጅም ሆነ ልጅ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ።

የቋንቋና የልማድ ክፍተት

ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። በእኛ ልማድ በባለሥልጣን ፊት «እሺ» ማለት ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን ስምምነት ሆኖ ሊሰፍር ይችላል። አንገት ደፍቶ ዝም ማለትም አክብሮት መሆኑ ቀርቶ ግዴለሽነት ሊመስል ይችላል። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይገባም፤ ስለ ራሱ የሚነገረውን የሚተረጉም ልጅ ሁሉንም አያስተላልፍም፣ ወላጁም የልቡን አይናገርም። ሽማግሌ ወይም ቄስ ቤተሰቡን ሊያጽናና፣ ሊመክርም ይችላል፤ የጠበቃን ቦታ ግን አይተካም።

መጥሪያ ሲደርስዎ

• ቀጠሮውን አይተዉ። ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ወላጅንም ልጅንም የመስማት ግዴታ አለበት።
• አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ አስቀድመው ያሳውቁ።
• ለጠበቃ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል ያመልክቱ።
• በአማርኛ ያልተብራራልዎትን ወረቀት አይፈርሙ።
• ማን፣ ምን አገልግሎት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይጠይቁ።
• በውሳኔው ካልተስማሙ ለአውራጃ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት እንደሚችሉ ይወቁ፤ የጊዜ ገደብ ስላለው ሳይዘገዩ ጠበቃዎን ያማክሩ።

ወላጅ ትእዛዙን በሚገባ ተረድቶ መብቱን ሲጠይቅና ድርሻውን ሲወጣ፣ ልጁ ጥበቃ አግኝቶ በቤቱ የማደግ ዕድሉ ይሰፋል።