በር ዘግቶ ወደብ ፍለጋ

ለተማሪ ጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን፦

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል የአገራችን ሰው። በየመኝታ ክፍሉና በየምግብ አዳራሹ የሚነሣው የዘወትር ክርክራችን ግን ከቅጠሉ ጀምሮ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። አንደኛው ወገን፣ «የችግራችን ሁሉ ምክንያት ባዕድ ነው፤ ወደብ አሳጥቶን፣ በብድር አስሮን፣ እርስ በርሳችን እያባላን ይኖራል» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «መጀመሪያ የውስጡን ጠላት በጠመንጃ እንጨርስ፤ እንጀራውም ነፃነቱም ከድል በኋላ ይመጣል» ይላል። ይህ የውስጥ ጠላት ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ ተናጋሪው የትውልድ ቀዬ ይለያያል።

እኔ የምለው ይህ ነው። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር የሚናገሩ ይመስላቸዋል እንጂ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘው ነው የሚጓተቱት። የባዕድ ጥገኝነት በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ብቻ አይመጣም፤ የእርስ በርስ ጦርነት ይጠራዋል። እኛ በተዋጋን ቁጥር ከአገራችን አንድ ነገር በመያዣ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ የራሳችንን ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን፣ አንዳንዴም የማስታረቅ ክብር። ስለዚህ ስለ ሉዓላዊነት እየጮኸ ለወንድማማች ጦርነት የሚያጨበጭብ ተማሪ በአንድ አፉ ሁለት ነገር ይናገራል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የምንማርባት ከተማ ራሷ ምስክር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዩ ሊዮን ሼፍኖ ሰጡ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ የሐረርን ተራራ መውጣቱ ከባድና ውድ ሆኖ ስለ ተገኘ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ በቆመበትም ድሬዳዋ ተቈረቈረች። በ1899 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ ምድር እያንዳንዳቸው የሚጠቀሙበትን ክፍል የሚለይ ውል ተፈራረሙ። የባቡሩም ነገር በዚያ ውል ውስጥ ነበረ፤ የአገሩ ባለቤት ግን ከፈራሚዎቹ አንዱ አልነበረም። ለምን በዚያን ጊዜ ተፈራረሙ ቢባል፣ ንጉሠ ነገሥቱ እየታመሙ ስለ ሄዱና እርሳቸው ሲያልፉ አገሩ በሥልጣን ጠብ ይታመሳል ብለው ስለ ገመቱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባዕዳኑ ውሉን ያዘጋጁት የእኛን ጠብ ገና ሳይመጣ አስልተው ነው።

ባቡሩ ጥቅም አልሰጠም የሚል ሰው ለገሐርን አያውቅም። ይህ ከተማ ሠራተኛውን፣ ነጋዴውን፣ ባለሙያውን ያፈራው በባቡሩ ነው። የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአማራው፣ የሐረሪው፣ የጉራጌው፣ የዓረቡና የግሪኩ ልጅ በከዚራና በመጋላ ጎረቤት ሆኖ ያደገው በባቡሩ ነው። ክርክሬ ከሐዲዱ ጋር አይደለም። ክርክሬ የሐዲዱን ቁልፍ ለሌላ ከሚያስረክበው ጠባችን ጋር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እንይ። በ1969 ዓ.ም. አገሪቱ በብዙ እሳት መካከል ነበረች። በከተማ የተማረው ወጣት በቀይ ሽብርና በነጭ ሽብር ይተላለቅ ነበር፤ በኤርትራ ጦርነቱ ተፋፍሞ ነበር። የዚያድ ባሬ መንግሥት ይህን ድካም አይቶ ድንበር አለፈ። የባቡሩ ድልድዮች ተሰበሩ፤ በነሐሴ ወር የሶማሊያ ጦር ይህችን ድሬዳዋን ለመያዝ ጥቃት ከፍቶ ተመለሰ። ለኢትዮጵያ ከ1945 ዓ.ም. ውል ጀምሮ ዋናዋ የጦር መሣሪያ ሰጪ አሜሪካ ነበረች፤ ለሶማሊያ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰጪዎቹ ቦታ ተለዋወጡ። ሶቪየት ኅብረት ታንኩንና መድፉን ወደ እኛ አዞረች፤ በሺህ የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮችም መጥተው በ1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። የሐረርጌ ገበሬና የኦጋዴን አርብቶ አደር ልጅ ከአንድ አገር ፋብሪካ በወጣ ጥይት ተገዳደሉ።

አገርን ከወራሪ መከላከል ግዴታ ነበር፤ ለዚህ የወደቁትን የሚያቃልል ምላስ የለኝም። የምጠይቀው ሌላ ነው። እርስ በርስ ባንጨራረስ ኖሮ ወራሪው ይደፍር ነበር ወይ? ደፍሮስ ቢሆን ያን ያህል መሣሪያ በዱቤ መውሰድ ያስፈልግ ነበር ወይ? የዚያ መሣሪያ ዕዳ ያበደረችው ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ፣ የተበደረውም ደርግ ወድቆ ለተከታዩ መንግሥት ተላልፎአል። ጥይቱ ተተኩሶ አለቀ፤ ሒሳቡ ግን ቀረ።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳፍረው ደግሞ የእርቁ ነገር ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ታጋዮችና የመንግሥቱ መልእክተኞች ለድርድር የተጠሩት ለንደን ላይ ነበር፤ ሰብሳቢውም የአሜሪካው ባለሥልጣን ሄርማን ኮኸን ነበሩ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተጀመረው ጦርነት የተዘጋው በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ በተፈረመ ውል ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በውል የቆመው ፕሪቶሪያ ላይ ነው። ለንደን፣ አልጀርስ፣ ፕሪቶሪያ! ስንዴ ከውጭ እናስመጣለን እያልን እናዝናለን፤ እርቅንም ከውጭ የምናስመጣ ሕዝብ መሆናችን ግን አያሳዝነንም ወይ?

ስለ መጨረሻው ጦርነት ሒሳብ ጥቂት ልጨምር፤ የእኛ የራሳችን ዘመን ነውና። የአፍሪካ ኅብረት ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የሞተው ሰው እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል። በዚያ ጦርነት የኤርትራ ሠራዊት በኢትዮጵያ ምድር ገብቶ መዋጋቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ አምነዋል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ በጦርነቱ ምክንያት አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ አስወጣችን፤ በኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ የምትሰፋው ልጅ ምንም ሳታጠፋ ገበያዋ ጠበበባት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት በ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ላይ የደረሰውን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ በዚያው ቀን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ጦርነት ብቻ ነው አልልም። ወረርሽኙም፣ ድርቁም፣ ቀድሞ የተከመረው ዕዳም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ቤቱ በዕዳ ሲናጋ ምሰሶውን በገዛ መጥረቢያው የሚቈርጥ ሰው ነፋሱን ብቻ ሊከስ አይችልም። ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የኦሮሚያውም ደም ከዚያ በፊት ጀምሮ ይፈስ ነበር። ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመበት ቀለም ሳይደርቅ ማለት ነው።

የርዳታውም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻ ወራት አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም «እህሉ ለተራበው ሳይደርስ እየተሰረቀ ነው» ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕደላውን ለወራት አቆሙ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዋሽንግተን የራሷን የርዳታ ድርጅት ዩ.ኤስ.ኤይድን ዘጋችው። የሰረቀው እጅ የእኛው፣ የዘጋው እጅ የእነርሱ፣ ጦሙን ያደረው ሕፃን ግን የማንም ተከራካሪ ያልሆነ ነው።

አሁን ወደ ወደቡ እንመለስ። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አሰብ ተዘግቶብን ከ90 በመቶ የሚበልጠው የውጭ ንግዳችን በጅቡቲ ጫንቃ ላይ ወድቆአል። አዲሱን ባቡር የቻይና ኩባንያዎች በአብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ሠርተውት በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማስተዳደሩን ሥራ ከቻይናውያን ሙሉ በሙሉ የተረከብነው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። «ወደብ የህልውና ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል እውነትነት አለው። ነገር ግን በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሆነውን አንርሳ። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ደም በፈሰሰ ጊዜ በሲቲ ዞን የተቈጡ ሰዎች ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የመኪና መንገድና ሐዲዱን ዘጉ። በዚያ ቀን መንገዱን የዘጋው የጅቡቲ መንግሥት አልነበረም፤ ፈረንሳይም አልነበረችም። የዘጋው በጊዜው ያልተሰማ የወገናችን አቤቱታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የሰሜኑ ተዋጊ ደግሞ ወደ ሚሌ የሚገሠግሠው ያንኑ የጅቡቲ መንገድ ለመቍረጥ ነበር። እንግዲህ ነገ አንድ ሙሉ የባሕር ዳርቻ ቢሰጠን እንኳ ከእርሻው እስከ መርከቡ ያለውን መንገድ ማን ይጠብቅልናል? ቀይ ባሕርን ከማለም በፊት ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው ሰው ሁሉ ሐዲዱ የእኔ ነው የሚልበትን ፍትሕ ማስገኘት ይቀድማል። በር ዘግቶ ወደብ ፍለጋ ከንቱ ድካም ነው።

«ታዲያ ባዕድ ንጹሕ ነው ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። በ1899 ዓ.ም. የተፈራረሙትም፣ በ1970 ዓ.ም. መሣሪያ የጫኑትም፣ ዛሬ ድሮን የሚሸጡትም ለራሳቸው ጥቅም ነው የሚሠሩት፤ ለእኛ ብለው እንቅልፍ የሚያጡ አይደሉም። ግን ነጋዴ ገበያ ባለበት ይሄዳል። የእኛ ጠብ ገበያው ነው። ገበያውን መዝጋት በእነርሱ ሥልጣን ሳይሆን በእኛ ነው።

ደግሞም የማስታረቅ ዕውቀት የሌለን ሕዝብ አይደለንም። እዚሁ በአካባቢያችን የአገር ሽማግሌ አለ፤ የኦሮሞው ጃርሱማ አለ፤ የሶማሌው ሔር አለ፤ በደስታም በሐዘንም ጎረቤትን የሚሰበስበው አፎቻ አለ። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሞና በሶማሌ መካከል በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ሲፈናቀል፣ ከተፈናቃዮቹ አንዳንዶቹን የተቀበለች ይህችው ድሬዳዋ ናት። ዩኒቨርሲቲዎቻችንስ? በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተማሪን ገደለ፤ በየካምፓሱ ብዙ ሺህ ልጆች ሻንጣቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ሸሹ። ያልተማረው ጎረቤት ያስጠጋውን የተማረው ወጣት በዱላ አባረረው። ከዚህ የበለጠ የትምህርት ውድቀት አላውቅም።

ስለዚህ ለኅብረታችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በተማሪው ስም ለማንኛውም ታጣቂ ወገን፣ የመንግሥትም ይሁን የተቃዋሚ፣ መዋጮ እንዳይሰበሰብና ጭብጨባ እንዳይደረግ ኅብረቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይወስን። ሁለተኛ፣ አገሪቱ የገባችባቸው የብድርና የባቡር ውሎች ለሕዝብ እንዲገለጹ በይፋ እንጠይቅ፤ የተገለጹትንም የኢኮኖሚክስና የሕግ መምህራኖቻችን በወር አንድ ቀን ይተርጕሙልን። የሚከፍለው የእኛ ትውልድ ነውና የፈረመለትን ወረቀት ማንበብ መብቱ ነው። ሦስተኛ፣ በካምፓሳችን ጠብ ሲነሣ ፖሊስ ከመጠራቱ በፊት የሚደርስ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች ያሉበት የሽምግልና ኮሚቴ ይቋቋም። አንድ መኝታ ቤት ማስታረቅ ያልቻለ ምሩቅ ነገ ሚኒስትር ሲሆን እርቅ ፍለጋ አውሮፕላን መሳፈሩ አይቀርም።

ይህ ሐሳብ ትንሽ ነው የሚል ካለ የሚበልጠውን በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ስሕተት ነው የሚልም ስሕተቱን በቁጥር ያሳይ። ነገር ግን ዝም ብሎ በየጥጉ መቧደኑ ይብቃን። ጉባኤው ሲጠራ ሁላችሁም ኑ፤ ስትመጡም ከየክልላችሁ ተለይታችሁ ሳይሆን ተቀላቅላችሁ ተቀመጡ።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ
ድሬዳዋ