ሰንጢ ለመግዛት ለሚያስብ ወጣት

ስለ ሰንጢ በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ትንሹን ነገር ማግነን ይመስላቸው ይሆናል። ሌሎች ደግሞ ሰንጢ ሲባል ጠብና ደም ስለሚታያቸው ጉዳዩ ባይነሣ ይሻላል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ነገሩ ተነሥቶ ቢመከርበት ይጠቅማል እንላለን። ምክንያቱም ገና በትምህርት ላይ ያለ ወይም አዲስ ሥራ የያዘ ወጣት የመጀመሪያውን ሰንጢ ሲመርጥ፣ ዕቃ ብቻ ሳይሆን በኪሱ ይዞት የሚዞረውን ሐሳብም አብሮ ይመርጣል።

የሰንጢ ጥቅም ለማንም የተሰወረ አይደለም። እርሳስ ይቀርጻል፤ የታሸገ ፖስታ ይከፍታል፤ የወረቀት ካርቶን የታሰረበትን ገመድ ይቆርጣል፤ ብርቱካን ይልጣል። በሐረር ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በመኪና ግርግር በኩል ያለፈ ሰው በልብስ ሰፊዎቹ እጅ ስለት ምን ያህል ሥራ እንደሚያቃልል በዓይኑ አይቷል። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ገመድ በጥርሱ የሚበጥስ፣ ካርቶን በቁልፍ የሚቀድ፣ አለዚያም በየዕለቱ የባልደረባውን መቀስ የሚለምን ሠራተኛ አይታጣም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ትንሽም ብትሆን የራስ መሣሪያ ክብር ናት።

እንግዲህ የትኛው ሰንጢ ይመረጥ? ለዚህ መመዘኛ የምትሆን ትምህርት ከሐረር ከራሷ እናገኛለን። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሠፍሯል። በአሚሮቹ ዘመን ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ጦሩን በበሩ ላይ ለጠባቂዎች አስረክቦ ይገባ ነበር። የዚህ ሥርዐት ምክንያት ግልጽ ይመስለናል። ገበያ ማለት ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚገበያይበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ይግባ፣ ሰው የሚወጋበት ግን ከውጭ ይቅር ማለት ነው።

ዛሬ በጀጎል በሮች ላይ ጦር የሚረከብ ጠባቂ የለም። ነገር ግን ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ የስብሰባው አዳራሽም በየደጃቸው ፈታሽ አላቸው። ስለዚህ ለወጣቱ የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። ሰንጢውን ከመግዛትህ በፊት፣ «ይህን ዕቃ በፈታሹ ጠረጴዛ ላይ ሳላፍር አስቀምጬ ለምን እንደያዝሁት ልነግረው እችላለሁን?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስህ እችላለሁ ከሆነ ግዛው፤ የሚያሳፍርህ ከሆነ ግን በሱቁ ይቅር። ፈታሹ አይገባም ካለም ያለ ክርክር አስረክቦ መግባት ነው። በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰውም ሰንጢውን በእጅ ሻንጣው ውስጥ መያዝ እንደማይፈቀድለት ቀድሞ ይወቅ።

በዓለም የታወቁት ሰንጢዎች ታሪክም ይህንኑ ያስረዳናል። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ካርል ኤልዝነር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 የቢላዋ መሥሪያ ቤት ከፍቶ፣ በ1891 ለሀገሩ ወታደሮች ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ያ ሰንጢ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የብሎን መፍቻና መብሻ ነበረው። ወታደሩ የሚዋጋበት ጠመንጃ ስለ ነበረው፣ ሰንጢው የተሰጠው ምግቡን እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት ነው። በፈረንሳይ ሀገርም ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 የሠራው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ በገበሬው ኪስ ውስጥ ለዳቦና ለአይብ መቁረጫ የዋለ ነው። ወታደሩም ገበሬውም ይህን ዕቃ የያዙት ለሥራ እንጂ ለማስፈራሪያ አይደለም።

ወደ ምርጫው ዝርዝር ስንገባ፣ አንደኛ፣ የስለቱ ርዝመት ከ7 ሳንቲሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ብርቱካንም ሆነ ገመድ ከዚህ የረዘመ ስለት አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ተፈናጥሮ የሚከፈተውን ሰንጢ እንዲተው እንመክራለን። በጥፍር ተስቦ በሁለት እጅ የሚከፈተው ሰንጢ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ያች ጥቂት ጊዜም ለተቆጣ ሰው ትልቅ ምሕረት ናት። ሦስተኛ፣ ስለቱ ተከፍቶ ሳለ ጫፉን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማወዛወዝ ይገባል። ማጠፊያው ላይ ከላላ፣ ሻጩ ዋጋውን ቢቀንስም አይገዛም። አራተኛ፣ ታጥፎ ሳለ ጫፉ ከእጀታው ወጣ ያለ እንደ ሆነ ኪስንም ጣትንም ይቀዳልና ይመለስ። አምስተኛ፣ ሞላው ጠንካራ መሆኑን ማየት ነው። ሞላ ብቻ ያለው ሰንጢ ጀርባውን ቢጫኑት ታጥፎ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ለመጎርጎር ወይም ለመፈልቀቅ አይሆንም። የኦፒኔል ሰንጢ ከ1955 ወዲህ ስለቱን የሚይዝ የብረት ቀለበት የተጨመረለት ለዚህ አደጋ መከላከያ ነው።

ስለ ብረቱም ጥቂት እንበል። ካርቦን የበዛበት ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ነገር ግን የብርቱካን ውሃ ከነካውና ሳይጠረግ ካደረ ይጠቁራል፣ ይዝጋል። ክሮሚየም የተጨመረበት የማይዝግ ብረት፣ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 በእንግሊዝ ሀገር በሼፊልድ ከተማ ከሠራው ወዲህ በብዙ ቢላዋዎች ላይ የዋለ፣ ለቸልተኛ ሰው የሚስማማ ነው። ነጭ መስቀል የታተመበት ሰንጢ ሁሉ የስዊስ ሥራ አለመሆኑንም ገዢ ያስተውል። በማኅተም ከመታለል ማጠፊያውንና ሞላውን መመርመር ይሻላል።

እዚህ ላይ የሀገራችንን ብረት ቀጥቃጭ ሳናነሣ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚያወጣው ባለሙያ፣ ጥሩ ስለት የሚሆን ብረት የትኛው እንደ ሆነ ያለ ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው ነው። ከጀጎል በሮች አንዱ በአማርኛ ቡዳ በር ይባላል፤ ይህ ቃል በሀገራችን ለቀጥቃጭ የተለጠፈ ስድብ እንደ ነበረ ማንም አይስተውም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ ከሁሉም ልብ ወዲያው አልወጣም። የቀጥቃጩ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የማይታጠፍ ቢላዋ ስለ ሆነ ለኪስ ላይመች ይችላል። ነገር ግን የላላውን የሰንጢ ምስማር የሚያጠብቀው፣ የዶለዶመውን ስለት የሚያድሰው እርሱ ነው። ወጣቱ የውጭውን ዕቃ ሲያደንቅ የሀገሩን እጅ ከናቀ፣ የሚያደንቃቸው ኤልዝነርና ኦፒኔል ራሳቸው የስለት ሠሪዎች መሆናቸውን ረስቷል።

የተገዛ ሰንጢም ጥበቃ ይሻል። የዶለዶመ ስለት ከተሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያዳልጣል። በመሳያ ድንጋይ ላይ ውሃ አፍስሶ፣ ስለቱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሞ፣ ሁለቱን ወገን በእኩል መሳል ይበቃል። ማጠፊያው ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ነው። ሲቆርጡ ስለቱ ከራስ ወደ ውጭ ይዙር፤ ለሌላ ሰው ሲሰጡ ታጥፎ፣ ካልታጠፈም በእጀታው በኩል ይሁን። ከታላቅ ጋር እየተነጋገሩ ሰንጢ መክፈትና መዝጋት ደግሞ ነውር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የልብ ጥበቃ ነው። በጠብ መካከል እጅ ወደ ኪስ ሲገባ፣ ፍጻሜውን የሚወስነው በኪሱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጉዳት ሊያደርስ በሚችል መሣሪያ አካል ያቆሰለውን ሰው በተለየ ክብደት ይመለከተዋል። አንድ ደቂቃ ቁጣ የትምህርትን ዘመን ሁሉ፣ የሥራን ተስፋ ሁሉ፣ ከሁሉም በላይ የሰውን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ «ራሴን ልከላከልበት» ብሎ ሰንጢ ለመግዛት የሚነሣ ወጣት አሳቡን ይተው። ራስን መከላከያ ተብሎ የተገዛ ስለት ጠብ ሲመጣ ባለቤቱን ከመሸሽ ያዘገየዋል፤ መሸሽ ግን ብዙ ጊዜ ሕይወት ያተርፋል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የመያዝ ጥበብ ከመግዛት ይቅደም። የቀድሞው ገበያተኛ ጦሩን የሚረከበው ጠባቂ በበሩ ላይ ነበረው፤ የዛሬው ወጣት ግን የገዛ ኪሱ ጠባቂ ራሱ ነው። በተቆጣበት፣ መጠጥ ወዳለበት በሚሄድበት ወይም ከሰው ጋር በተጣላበት ቀን ሰንጢውን በጠረጴዛው መሳቢያ ትቶ መውጣት የሚችል ወጣት፣ ሰንጢ ለመያዝ የበቃ ነው እንላለን።