የጦር ሰፈሩ እንዳይዘጋ፦ ከተማ ለእንጀራዋ ስትሟገት ቤተ ክርስቲያን የት ትቁም?



እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2005 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር እንዲዘጉ ያቀረባቸውን 33 ትላልቅ የጦር ሰፈሮች ዝርዝር ይፋ አደረገ። ከእነዚህ አንዱ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ በራፒድ ሲቲ ከተማ አጠገብ ያለው የኤልስወርዝ የአየር ኃይል ሰፈር ነበር። ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ለአካባቢው ሕዝብ ግን ሰፈሩ በግዛቱ ካሉት ትልልቅ ቀጣሪዎች አንዱ ነው። የባለሱቁ ገበያ፣ የአከራዩ ኪራይ፣ የትምህርት ቤቱ ተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምእመን ሳይቀር ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ውድ አንባቢ፣ አንድ ከተማ እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሰው ምን ያደርጋል? በዚያ ከተማ ያለ ክርስቲያንስ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን አብረን እንመልከት።

አሠራሩ እንዴት ነው?

የጦር ሰፈር መዝጋት ለፖለቲከኛ ከባድ ነገር ነው። የራሱ አካባቢ ሰፈር እንዲዘጋ የሚፈልግ የሕዝብ ተወካይ የለም። ስለዚህ ኮንግረስ ልዩ መንገድ አበጀ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዝርዝሩን ያቀርባል፤ ገለልተኛ ኮሚሽን ሰፈሮቹን ይጎበኛል፣ ሕዝቡን ይሰማል፣ ዝርዝሩንም ያሻሽላል። ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንቱም ሆነ ኮንግረስ ዝርዝሩን በሙሉ ይቀበላሉ ወይም በሙሉ ይጥላሉ እንጂ አንዱን ሰፈር መርጦ ማውጣት አይችሉም። በ1988፣ በ1991፣ በ1993፣ በ1995 እና በ2005 አምስት ዙሮች ተካሂደዋል።

ልብ በሉ፤ በ2005 ሕጉ ቀዳሚ ያደረገው መመዘኛ የሰፈሩ ወታደራዊ ጠቀሜታ ነበር። የሕዝቡ ኑሮ መጎዳት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሥራ እናጣለን» ብሎ ማልቀስ ብቻውን ማንንም አላዳነም።

ኤልስወርዝ እንዴት ተረፈ?

በ2004ቱ ምርጫ ሪፐብሊካኑ ጆን ቱን የሴኔት ወንበሩን ያሸነፉት ከምረጡኝ ምክንያቶቻቸው አንዱ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰው እንደመሆናቸው ሰፈሩን በተሻለ መንገድ እጠብቃለሁ የሚል ስለነበረ ነው። ከምርጫው ስድስት ወር በኋላ ኤልስወርዝ በዝርዝሩ ላይ ወጣ። በሰው ክንድ መታመን የት እንደሚያደርስ እንግዲህ አስተውሉ።

ከድንጋጤው በኋላ ግን ሕዝቡ ተሰበሰበ። በምርጫ ሲፎካከሩ የነበሩት ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፦ ሪፐብሊካኖቹ ሴናተር ቱንና አገረ ገዥው ማይክ ራውንድስ፣ ዴሞክራቶቹ ሴናተር ቲም ጆንሰንና የምክር ቤት አባሏ ስቴፋኒ ሄርሴዝ። ኮሚሽኑ በጁን ወር ወደ ራፒድ ሲቲ ሲመጣ ሕዝቡ አዳራሹን ሞላው። ዋናው ሥራ የተሠራው ግን በቁጥሮቹ ላይ ነው። ፔንታጎን ሰፈሩ ቢዘጋ በ20 ዓመት ውስጥ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ይተርፋል ብሎ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ቁጠባ አብዛኛው፣ ከሠራዊቱ ሳይወጡ ወደ ሌላ ሰፈር ብቻ የሚዛወሩ ወታደሮች ደመወዝ ነበር። ኪስ የቀየረ ገንዘብ የተረፈ ገንዘብ አይደለም። ደግሞም የአገሪቱን ቢ-1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሙሉ በአንድ ቦታ ማከማቸት አደገኛ ነው ብለው ተከራከሩ።

ኦገስት 26 ቀን 2005 ኮሚሽኑ 8 ለ 1 በሆነ ድምፅ ሰፈሩ እንዳይዘጋ ወሰነ። በ2021 ደግሞ ኤልስወርዝ የአዲሱ ቢ-21 ቦምብ ጣይ የመጀመሪያ ሰፈር እንዲሆን ተመረጠ።

ቃሉ ምን ይለናል?

ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችን ይህ ምድራዊ ጉዳይ ነው እንል ይሆናል። ነቢዩ ኤርምያስ ግን በባቢሎን ላሉት ምርኮኞች የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉና እንዲጸልዩላት ጻፈላቸው (ኤር. 29፥7)። የጎረቤት እንጀራ የክርስቲያን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለከተማ ሥራ መሟገት በራሱ ኃጢአት አይደለም።

ነገር ግን በኤፌሶን የነበረውን ድሜጥሮስን አንርሳ (የሐዋ. 19፥24-27)። እርሱም ስለ እንጀራው ነበር ሕዝብን የሰበሰበው። ጥቅሙን በሃይማኖትና በከተማ ክብር ሸፍኖ ከተማውን አወከ። በእርሱና በእውነተኛ የከተማ ወዳጅ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ እውነት። የኤልስወርዝ ሰዎች የረቱት በጩኸት ሳይሆን የተሳሳተውን ሒሳብ በማሳየት ነው። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ክርስቲያን «የእኛ ሰፈር ስለሆነ ብቻ የአገር ገንዘብ ይባክን» ማለት አይችልም። እዚያ ለኪሳራ የሆነው ዕቅድ፣ በቴክሳስ አቢሊን ላለው የዳይስ ሰፈር ተጨማሪ አውሮፕላን ነበር። የአቢሊን ሰውም ባልንጀራችን ነው።

ሁለተኛ፣ መታመኛችን። በሜይን ግዛት በላይምስቶን ከተማ የነበረውን የሎሪንግ የአየር ኃይል ሰፈር ተመልከቱ። በ1976 አየር ኃይሉ ሰፈሩን በእጅጉ ሊቀንስ ሲያስብ ሕዝቡ ታግሎ አስቀረው። ደስታ ሆነ። በ1991 ግን እንዲዘጋ ተወሰነ፤ በ1994 ተዘጋ። በ1990 ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ የነበረው የከተማው ሕዝብ በ2000 ከ2,400 በታች ሆነ። በሰረገላና በፈረስ መታመን (መዝ. 20፥7) በኮንትራትና በደመወዝም ይገለጣል። የዛሬ ድል የነገ ዋስትና አይደለም።

ላይምስቶን ግን አልሞተችም። የልዩ ሳይንስና ሒሳብ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፣ በቀድሞው ሰፈር ውስጥም የመከላከያ የሒሳብ ቢሮ ገባ። በተጓደለው ቦታ ላይ እንደገና የሠሩት፣ ሌላው ሲሄድ የቀሩት ሰዎች ናቸው።

እኛንስ ምን ያገባናል?

በዚያው በ2005 ዝርዝር በዋሽንግተን ከተማ ጆርጂያ ጎዳና ላይ የነበረው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል ነበረበት፤ በ2011 ተዘጋ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአርሊንግተንም በሺህ የሚቆጠሩ የመከላከያ ሠራተኞች ከኪራይ ቢሮዎች ወጥተው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በቢሮዎቹ ዙሪያ በምግብ ቤት፣ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሰው ስሙ በዝርዝሩ ላይ ባይጻፍም ውሳኔው ይነካዋል።

ከ2005ቱ በኋላ ፔንታጎን አዲስ ዙር እንዲፈቀድለት ለዓመታት ደጋግሞ ጠይቆ ኮንግረስ ከልክሎታል። ጥያቄው ግን በአንድ መልክ ወይም በሌላ መመለሱ አይቀርም፤ ዛሬ የጦር ሰፈር፣ ነገ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ይሆናል።

ስለዚህ ቅዱሳን ሆይ፣ በከተማችሁ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲጠራ «የፖለቲካ ነው» ብላችሁ አትቅሩ። ሂዱ፣ አድምጡ፣ እውነቱን ጠይቁ። የሚዘጋ ከሆነም ሥራ ያጣውን ቤተሰብ ስም በጸሎት ዝርዝራችሁ ላይ አስፍሩ፤ ኪራዩንና ምግቡን አስቡለት። መጋቢዎችም የሚሄዱትን በበረከት ሸኙ፣ ከሚቀሩት ጋር ቅሩ። የጦር መሣሪያ ማረሻ የሚሆንበት ቀን እንደሚመጣም ነቢዩ ነግሮናል (ኢሳ. 2፥4)። ያን ቀን እየጠበቅን ሰይፍ ስላለ ብቻ የምንኖር ሳንሆን፣ ሰይፍ ቢኖርም ባይኖርም ባልንጀራውን የሚመግብ ሕዝብ እንሁን።

የጌታ ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።